ሁለት ሰው የቀበረ ካፖርት

ጁባ ውስጥ በቀትር ወፍራም የሱፍ ካፖርት ለብሶ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሐበሻ ያየ ሰው ካለ፣ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ጊዜው የ2009 ዓ.ም. ግንቦት ነው። ቶንፒንግ ሰፈር ባለው የእትዬ ወይንሸት ሆቴል ጓሮ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ባዶ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ጥርሴ እየተንገጫገጨ እሞቃለሁ። ሌላው ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳል፤ እኔ ጥላው በደረሰብኝ ቁጥር ሳጥኑን እየጎተትኩ ፀሐይዋን እከተላለሁ።

«አንተ ምትኩ!» ይሉኛል እትዬ ወይንሸት በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብለው። «ደላንታ ያለህ መሰለህ እንዴ? ደንበኛ እያየህ ነው እኮ! በጓሮ በኩል በረዶ የጣለ ይመስላቸዋል።»

እስቃለሁ። መሳቅም ያደክመኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ለሥራ ቆላ ወርደው ለሚያድሩ ልጆች ነው። ሐኪም አይደለሁም። ስምንተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረስኩም፤ ጄኔሬተርና ፍሪጅ መጠገን የተማርኩት የተበላሸውን እየፈታሁ ነው። አንዲት ብሎን ከቦታዋ ስትጎድል እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ስለሆንኩ፣ ያየሁትንና ሐኪሟ ያስረዳችኝን ብቻ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ካፖርቱን የገዛው የአባቴ አባት ነው፣ ደሴ ገበያ ከሰልባጅ ነጋዴ። አገራችን ደላንታ ብርዳም ነውና ካፖርት ያለው ሰው እንደ ባለጸጋ ይታይ ነበር ይባላል። አያቴ ግን ብዙም ሳይለብሰው ለሥራ ቆላ ወረደ፤ ንዳድ ይዞት ተመለሰና ሞተ። ካፖርቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ አባቴ እስኪያድግ ጠበቀ። አባቴ ለበሰው። እሱም ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ሆዱ አብጦ መጣ፤ ሠላሳ ሳይሞላው ሞተ። እኔ ከአገር ስወጣ እናቴ የካፖርቱን አንገትጌ እያስተካከለችልኝ «በጤና ቅደደው» አለችኝ። ልብስ ለለበሰ ሁሉ የሚባል ምርቃት ስለሆነ ያን ጊዜ ጆሮ አልሰጠሁትም። ነገሩ የገባኝ ታምሜ ነው። ካፖርቱ ሁለት ሰው ቀብሯል፤ የእሱ ክርን ግን አልሳሳም። ለብሶ የሚጨርሰው ዕድሜ ያለው ሰው አላገኘም።

በሰፈራችን «የእነሱ ቤት ወንድ ሽበት አያይም» ይባላል። እኔም ይህን ሰምቼ ያደግሁት ቁመቴን እንደማውቅ ያህል ነው፤ አላዝንበትም፣ አልከራከረውም። እኩዮቼ ሚስት ሲያጩ ዝም ያልኩት በዚህ ምክንያት ነበር። ስልኬ ላይ ማንበብ ከለመድኩ በኋላ ደግሞ የጥንት ሰው አማካይ ዕድሜ ሠላሳና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር የሚል ነገር አገኘሁ። «የእኛ ቤት በጥንቱ ዕድሜ ቀርቷል ማለት ነው» ብዬ አሰብኩና ስልኩን ዘጋሁት። ይህ ስሌት ስህተት እንደነበረ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ ሚያዝያ ላይ ነው። መጀመሪያ ትኩሳት ነበር፤ ጠዋት ይመጣል፣ ይተወኛል፣ ከቀትር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ጁባ ለኖረ ሰው ትኩሳት እንግዳ አይደለም። ሐበሻ ሁሉ ወደሚሄድበት አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ሰጠሁ፤ ውጤቱ «ማላሪያና ታይፎይድ» ሆነ። ጁባ ያለን ሐበሾች በዚህ እንቀልዳለን፤ የታመመ ሰው ሁሉ ስሙ ማላሪያ፣ የአባቱ ስም ታይፎይድ ነው እንላለን። መድኃኒቱን ጨረስኩ። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀን ጋብ ብሎ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚያም ያው ስም ከነአባቱ ስም። መርፌ ጨመሩልኝ። በሦስተኛው ክሊኒክ የነበረው የአገሬ ልጅ ወረቀቴን ሳያይ «ማላሪያ ነው አይደል?» ሲለኝ እኔም «አዎ» አልኩት። በሽታዬን እኔ ራሴ መርምሬ ወጣሁ ማለት ነው።

በሰኔ ሱሪዬ ከዳሌዬ መውረድ ጀመረ፤ ሆዴ ግን ገፋ። ይህ አላስማማኝም። ሰው ከከሳ ሆዱም መክሳት አለበት። አንድ እሑድ ተኝቼ ሆዴን በጣቶቼ ስዳስስ ከግራ ጎድኔ በታች ጠንካራ ነገር አገኘሁ፤ ጠርዝ አለው። የሚያመኝ አልነበረም። እስክሪብቶ አንሥቼ ጠርዙን ተከትዬ መስመር አሰመርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ጠርዙ መስመሩን አልፎ ወርዷል፤ ሌላ መስመር ሳልኩ። እንዲህ እያልኩ ቀጠልኩ። ስታጠብ የደበዘዘውን እየደገምኩ፣ ሆዴ ላይ መስመር በመስመር ላይ ተደራረበ፤ የመጨረሻው እምብርቴ ዘንድ ደረሰ።

መስመሮቹን እያየሁ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ አባቴ ገላውን ሲታጠብ አይቼዋለሁ። ከግራ ጎድኑ በታች ክብ ክብ የተኩስ ጠባሳ ነበረበት። ጣፊያው አብጧል ብለው በጋለ ብረት ተኩሰውት ነበር። ጠባሳው የነበረው እኔ መስመር በሳልኩበት ቦታ ላይ ነው።

ሰው ፍርሃት የሚመጣው ሌሊት ነው ይላል። የእኔ የሚመጣው በቀትር ነበር፣ ጄኔሬተሩ ለዕረፍት ሲጠፋ። ቀኑን ሙሉ የሚያጓራው ሞተር ድንገት ዝም ሲል የራሴን ልብ ምት እሰማለሁ። ያኔ ካፖርቱን ገልጬ ክርኑን አያለሁ። አሁንም ደህና ነው።

ለእትዬ ወይንሸት የነገርኳቸው እሳቸው ራሳቸው ካወቁ በኋላ ነው። አንድ ቀን ምሳ ሳልበላ ስመልስ ክንዴን ያዙኝና ጣታቸው ዞሮ ገጠመ። ቀልዱ ሁሉ ከፊታቸው ጠፋ።

«አንተ ልጅ፣ አገርህ ግባ» አሉኝ።

ጁባ ያለ ሐበሻ ሲጠናበት አገሩ ይገባል፤ ይህ ልማድ ነው። እዚህ አገር ሆስፒታል መተኛት ከሕመሙ ይበልጥ ያስፈራን ነበር። «የእነሱ ሐኪም ምን ያውቃል» እንባባላለን፤ ልጆቻቸውን የሚያክመው ማን እንደሆነ አንጠይቅም። የጁባ ሐበሾች ማኅበር አዋጣ፣ ትኬት ተቆረጠ። ለእናቴ «ለዕረፍት እመጣለሁ» አልኳት። እኔ ግን የምሄደው ለመታከም አልነበረም። ለመቀበር ነበር፤ ከአባቴና ከአያቴ ጎን። በመስከረም ሠላሳ ዓመት ይሞላኛል፤ ወሩ ሐምሌ ነው። ሒሳቡ ልክ መጣ ብዬ አሰብኩ።

አውሮፕላን ማረፊያው ለሆቴላችን ቅርብ ነው። እትዬ ወይንሸት በመኪናቸው ወሰዱኝ። ሻንጣዬን ሳስቀምጥ አፍንጫዬ መድማት ጀመረ። በእጄ ያዝኩት፤ አልቆመም። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ትኩሳት መለኪያውን ግንባሬ ላይ አነጣጠረና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ያ ሐበሺ፣ ኢታ አያን?» አለኝ። ታመሃል ወይ ማለቱ ነው። በካፖርት ውስጥ የሚንቀጠቀጥ፣ ደም የሚፈስሰው ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ተሰላፊው ሁሉ ራቀኝ። ዙሪያዬን የነበረው ባዶ መሬት ትዝ ይለኛል፤ አንዲት ሴት ልጅዋን በቀሚሷ ሸፈነች። የአየር መንገዱ ሠራተኛ በትሕትና፣ ግን ከሩቅ፣ «መብረር ይችላል» የሚል ወረቀት ከመንግሥት ሆስፒታል ካላመጣሁ እንደማያሳፍሩኝ ነገረችኝ።

«ሰው አገሩ ገብቶ እንዳይታከም ነው?» ብለው ጮኹ እትዬ ወይንሸት። «ወረቀት ነው የምትፈልጉት? ወረቀት እናመጣለን!»

ሆስፒታል የሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ለወረቀት።

በረንዳው ላይ ያለው አግዳሚ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ፀሐዩ ከጀበል ኩጁር ተራራ በኩል ዞሮ በረንዳውን ሊይዘው ነበር። አንዲት እናት ምንጣፏን አጥፋ ጥላው ውስጥ ቦታ ለቀቀችልኝ። ካፖርቴን አየች፣ ከዚያ ፊቴን አየች፤ ምንም አልጠየቀችም። ይህን ቦታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። «ወረቀት ብቻ ነው» አልኳት በእንግሊዝኛ። «ተኛ» አለችኝ። ሸሚዜን ስትገልጥ እጇ ቆመ።

«ይህን ካርታ ማነው የሳለብህ?»

«እኔ ነኝ። በየእሑዱ።»

አልሳቀችም። መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች በጣቷ ተከተለች። ከዚያ ሆዴን በቀስታ ተጭና የዛሬውን ጠርዝ አገኘችና እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ አውርዳ የራሷን መስመር ከእኔ በታች አሰመረች።

«ከጁባ ውጪ የት አድረህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ያን ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ ምክንያቱም ሕመሜ ካደርኩበት ቦታ ጋር እንደሚያያዝ አላውቅም ነበር። «ካፖኤታ» አልኳት። «በኅዳርና በታኅሣሥ። የአንድ እንግዳ ማረፊያ የውኃ ፓምፕ ስሠራ ነበር።»

«ቤት ውስጥ ነው የምትተኛው?»

«ቤቱ ይሞቃል። ውጭ ነበር። ከአንድ ትልቅ ኩይሳ ሥር፣ ነፋሱን እንዲከልልኝ።»

«ያለ አጎበር?»

«ትንኝ አልነበረም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አንድም ድምፅ አልሰማሁም።

ከጣቴ ጠብታ ደም ወስዳ የእርግዝና መመርመሪያ በምትመስል ቀጭን ወረቀት ላይ አኖረችው። ሁለታችንም ወረቀቷን እያየን ተቀመጥን። አንድ ቀይ መስመር መጣ። ቆየት ብሎ ሁለተኛው፣ ቀስ እያለ ደመቀ።

«ካላዛር ነው» አለችኝ። ቀጥላም አስረዳችኝ። ከትንኝ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ አለች፤ ኩይሳና የተሰነጠቀ መሬት ትወዳለች። ስትነክስ በዓይን የማይታይ ተባይ ደም ውስጥ ትተዋለች፤ ተባዩ ጣፊያ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ወራት ቆይቶ ነው የሚታየው። «ካልታከመ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከታከመ የሚሞተው ጥቂት ነው። መድኃኒቱ እዚሁ አለ፤ በነጻ ነው።»

«ወረቀቱስ?» አልኳት።

«የምን ወረቀት?»

«የአውሮፕላኑ።»

«አንተ የትም አትበርም» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዝምተኛው እኔ መናገር ጀመርኩ። አባቴ ሁመራ ወርዶ ሆዱ አብጦ እንደ ሞተ፣ አያቴ ቆላ ወርዶ በንዳድ እንደ ሞተ፣ የእኛ ቤት ወንድ ዕድሜው አጭር እንደ ሆነ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን ወደ ጆሮዋ እየመለሰች ሰማችኝ።

«የአባትህ እኅቶችስ?»

«አንዲት አክስቴ አለች። ከዘራ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።»

«የአያትህ እኅቶችስ?»

«እነሱም ጎብጠው ነው የሞቱት።»

«እነሱ ቆላ ወርደው ነበር?»

«ሴቶች አይወርዱም። የሚወርደው ወንድ ነው።»

«ታዲያ» አለችኝ፣ «አጭሩ ደማችሁ አይደለም። መንገዳችሁ ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ እንደ ተቀመጥኩ ቀረሁ። አንድ ሞተር ለዓመታት ሲጠፋብህ ኖሮ፣ ሞተሩ ደህና መሆኑንና ችግሩ ነዳጁ መሆኑን ሰው ሲያሳይህ እንዲህ ነው። ሁለት ትውልድ ሙሉ ደም ነው ያልነው ነገር አንዲት ድምፅ የሌላት ዝንብና፣ አያቴን በንዳድ የገደለች ትንኝ ነበሩ።

እትዬ ወይንሸት በር ላይ ነበሩ። «ሐበሻ እዚህ ይተኛል እንዴ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ተኛሁ።

ክፍሉ ውስጥ አልጋዎች ተጠጋግተው ነበር፤ አስታማሚው መሬት ላይ ይተኛል፣ ማንጎ ዛፍ ሥር በከሰል ያበስላል። ከአጠገቤ ያለችው ታማሚ አቾል የምትባል ትንሽ ዲንካ ልጅ ናት። የሚያስታምማት አያቷ ዴንግ ነበሩ። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ የተቀረጹ መስመሮች አሉ። መጀመሪያ ቀን ለእትዬ ወይንሸት በስልክ «ሾርባው ጨው የለውም» ስል ሰምተው ኖሮ፣

«እንግዲህ ምን ትፈልጋለህ፣ ክትፎ?» አሉኝ በአማርኛ።

ደነገጥኩ። በጦርነቱ ዘመን ጋምቤላ በስደት ኖረው፣ አዲስ አበባም ቆይተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋሽ ዴንግ» አልኳቸው፤ እሳቸው «አንተ ሐበሻ» አሉኝ። በካፖርቴ ሲስቁ ወደር የላቸውም። «ይህ ኮት ከእኔ ይበልጣል፤ ተነሡለት» ይላሉ።

«ጋሽ ዴንግ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለድሁት።»

«ዓመቱስ?»

«እሱን ጸሐፊውን ጠይቀው። ካምፕ ስንገባ ሁላችንንም ጃንዋሪ አንድ ወለደን፤ መንደሩን በሙሉ በአንድ ቀን።» ከዚያ ግንባራቸውን ነኩ። «የእኛ ዕድሜ ይህ ነው። ለአቅመ አዳም ስንደርስ አብረን የተቀረጽነው ነን እኩያ። አሁን እኩያ የለኝም።»

ያን ጊዜ ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ፣ ጦርነት መንገዱን ሁሉ ሲዘጋ፣ ይህ የእኔ በሽታ በአገራቸው ገባ። ሰው ሆዱ አብጦ ይሞታል። ጎጆው ቆሞ ይቀራል፣ ከብት ያለ ጠባቂ ይጮኻል። አብረዋቸው ከተቀረጹት መካከል ጥይት ከገደለው ይህ የገደለው ይበልጣል አሉ። የሞቱባቸውን ልጆች ስም አንድ በአንድ ጠሩልኝ።

አቾል በየቀኑ መርፌ የያዘችው ነርስ ስትመጣ «ማፊ! ማፊ!» ትላለች። የለም፣ የለም ማለቷ ነው። ነርሷም «ማፊ» እያለች ትወጋታለች። እኔንም ትወጋኛለች፣ በቀን ሁለት መርፌ፣ ዳሌ በዳሌ እየቀያየረች። መርፌው ያማል፤ ልዋሽ አልፈልግም። መገጣጠሚያዬን ሁሉ ይሰብረኝ ነበር፤ አንድ ቀን ልቤ እየዘለለ አስፈራኝ፣ ሐኪሟ መጥታ አዳምጣ ቀጥሉ አለች። አቾል ትኩሳቷ ሲነሣ ካፖርቴን አለብሳታለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ትሰወራለች፣ ስንጠቀልላት እንቅልፍ ይወስዳታል።

«አቾል ማለት ምንድን ነው?» አልኳቸው ጋሽ ዴንግን።

«በፊቷ የተወለደው ሲሞት ቀጥሎ ለሚመጣው የሚሰጥ ስም ነው። የሞተው ምትክ።»

አቾል ካፖርቴ ውስጥ ተኝታ ነበር፤ አንገትጌውን አስተካከልኩላት።

«የእኔ ስም ምትኩ ነው» አልኳቸው።

አማርኛ ያውቃሉና ማስረዳት አላስፈለገኝም። እኔን አዩ፣ ካፖርቱ ውስጥ ያለችውን አዩ። «ዘመዳሞች ናችኋ» አሉ።

ከእኔ በፊት ወንድሜ በጡት ሳለ ሞቷል። እናቴ «ስንት ወለድሽ?» ስትባል «ሰባት ወልጄ ሦስት ቀሩልኝ» ትላለች፤ ማንም አይደነግጥም፣ እኩዮቿም እንደዚያው ይመልሳሉ። ዓለም ሁሉ እንዲህ ይመልስ ነበር። በሰፈራችን ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ ሞልቷል። እነዚህ ስሞች ሁሉ አጠገባቸው የተቆፈረ ትንሽ መቃብር አላቸው።

ያኔ ነው የድሮው ስሌቴ ስህተት የታየኝ። አልጋዬ ላይ ሆኜ በቀላሉ አሰብኩት። አንዱ ልጅ ሳይራመድ ቢሞት፣ እኅቱ ሰማንያ ብትኖር፣ አማካዩ አርባ ነው። በአርባ ዓመቱ የሞተ ግን ከሁለቱ ማንም የለም። የጥንት ሰው በሠላሳዎቹ አላረጀም። ከሕፃንነት የተረፈው እንደ አክስቴ ከዘራ ይዞ ሊሄድ ይችል ነበር። ቁጥሩን ወደ ታች የሚጎትቱት እነዚያ ትንንሽ መቃብሮችና እንደ አባቴ በመንገድ የቀሩት ናቸው። እንግዲህ አማካዩ በየትውልዱ ከፍ አለ ሲባል፣ የሰው ሥጋ ከቀድሞው ጠነከረ ማለት አይደለም። አንዲት ነርስ «ማፊ» እያለች አንዲት ልጅ ወጋች ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ የሚለው እንዲህ፣ በአንድ አልጋ ነው። እኔ ደግሞ ከአጠገቡ ተኝቼ አየሁት። ከዚያ በፊት በሕይወቴ ያየሁት ትልቅ ነገር ዓባይ ሲሞላ ነበር።

የጣፊያዬ ጠርዝ መመለስ ጀመረ። ሐኪሟ በጎበኘችኝ ቁጥር አዲስ መስመር ትስላለች፤ በወረደበት መንገድ፣ የራሴን መስመሮች አንድ በአንድ እያለፈ ወደ ላይ ወጣ። አንድ ጠዋት ራበኝ። እትዬ ወይንሸት ያመጡትን ሁሉ በልቼ ዕቃውን ስመልስላቸው ባዶውን ሣህን እያገላበጡ አዩት።

«የቀረ የለም?»

«የለም።»

«እሰይ!» ብለው እዚያው መሃል ክፍል እልል ሲሉ ነርሶቹ ሮጠው መጡ። ወደ መጨረሻው ለአቾልም የሚሆን ይዘው ይመጡ ነበር። ስለ እዚህ አገር ሐኪም የሚሉትን አቁመዋል፤ እንዲያውም ሆቴል የታመመ ሐበሻ ሲመጣ «መጀመሪያ የት እንዳደርክ ተናገር» እያሉ የሚያዋክቡት እሳቸው ሆነዋል።

ከመውጣቴ በፊት ሐኪሟን አንድ ነገር ጠየቅኋት። «አባቴ ሲታመም ይህ መድኃኒት ነበር?»

«ከሁለቱ መርፌዎች አንዱ ነበር» አለችኝ። «በዓለም ላይ ነበር።»

ይህን ለእናቴ መንገር ነበረብኝ። በስልክ ሁሉንም ነገርኳት፤ የደበቅኋትን ሕመም፣ የአባቴን ሕመም ስም፣ መድኃኒቱ እንደ ነበረና ደላንታ እንዳልደረሰ። ስታለቅስ ሰማኋት። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና፣

«ለእሱ ያልደረሰው ላንተ ከደረሰ፣ መንገድ ላይ ነበረ ማለት ነው» አለችኝ። «እግዜር ይመስገን፤ መጣ።»

አቾልና ጋሽ ዴንግ ከእኔ ትንሽ ቀደም ብለው ወጡ። ሆዷ ወርዶ፣ በራሷ እግር እየሮጠች። ጋሽ ዴንግ በር ላይ ቆመው «ቤት ታናሿ ተወልዷል» አሉኝ።

«ስሙ ማነው?»

«አላወጣንለትም። ብቻ ምትክ አንለውም፤ የሚተካው የለም።» ይህን ብለው ሳቁ፤ ግንባራቸው ላይ ያሉት መስመሮች ተሰበሰቡ።

ቆላ የምትወርዱ ልጆች፣ ይህን ያዙልኝ። አጎበር ሳይኖራችሁ ከኩይሳ ሥር አትደሩ፤ ድምፅ አለመኖሩ ዝንብ አለመኖሩ አይደለም። ትኩሳት በመድኃኒት ሄዶ ከተመለሰና ሆዳችሁ በግራ በኩል ከጠነከረ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የት እንዳደራችሁ ንገሩት። ሆድን መተኮስ አያድንም። የአገሩን በሽታ የአገሩ ሐኪም ያውቀዋል። ከዳናችሁ በኋላም ከወራት በኋላ ፊታችሁ ላይ ነጠብጣብ ቢወጣ አትደንግጡ፣ ግን ተመልሳችሁ አሳዩ፤ በእኔም ወጥቶ ጠፍቷል።

በመስከረም ሠላሳ ዓመት ሞላኝ። ያን ቀን ጄኔሬተር ሥር ተኝቼ ዘይት ስቀይር ዋልኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው እያንዳንዱ ቀን አባቴ ያላየው ነው። ይህን ሳስብ እጄ ላይ ያለውን መፍቻ ለአፍታ አስቀምጣለሁ።

በ2010 ክረምት ዝናቡ ሌላ ነበር፤ ማለዳ ማለዳ ይበርዳል፣ ካፖርቱን ለሥራ መልበስ ለመድኩ። አንድ ጠዋት የጄኔሬተሩን ክዳን ስደገፍ የግራ ክርኔ ቀዘቀዘኝ። ገልብጬ አየሁት። ምስማር አልያዘውም፣ ብረት አልቀደደውም። ጨርቁ ሳስቶ፣ ክሩ ተበልቶ፣ ሸሚዜ ይታያል።

ለእናቴ ደወልኩ።

«እማ፣ ካፖርቱ ተቀደደ።»

«በምን?»

«በምንም። በመልበስ። ክርኑ አለቀ።»

ስልኩ መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ከዚያ ከሩቅ እልልታዋን፣ ከዚያ «ምን ተገኘ?» የሚል የጎረቤት ድምፅ፣ ከዚያ የእሷን፦ «ቀደደው! ልጄ ቀደደው!»

ተመልሳ ስልኩን ስታነሣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር።

«ምትኩዬ» አለችኝ፣ «እንዳትሰፋው።»

አልሰፋሁትም። ዛሬም ይህን ስጽፍ በዚያ ቀዳዳ በኩል ነፋስ ይገባኛል።